ውሻዎ ሳይታመም ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት

ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር በኩል ወደ አምባራስ የሚወጣ ጎብኚ ዓይኑ የሚፈልገው ዋልያን፣ ጭላዳን፣ ዕድል ከቀናውም ቀይ ቀበሮን ነው። በገብስ ማሳ ዳር በግ የሚጠብቀውን የገበሬ ውሻ ልብ የሚለው የለም። ለቀይ ቀበሮ ግን የዚያ ውሻ መከተብና አለመከተብ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም የሚኖሩት በኢትዮጵያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች ከውሾች የተሻገረው የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ የሚሆኑትን ጨርሷል። የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ባለሙያዎች በየመንደሩ እየዞሩ የገበሬውን ውሻ የሚከትቡት ለዚህ ነው።

እኛ ከተሜዎችስ? «ውሻችን ከግቢ አይወጣም፣ ከየት ይይዘዋል?» እንላለን። በሩ ግን ይከፈታል፤ የጎረቤት ድመትም አጥር አይበግራትም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ለእንስሳውም ለሰውም መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ሐኪም ሊረዳ የሚችለው ከዚያ በፊት ብቻ ነው። በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ሞት 99 በመቶው በውሻ አማካይነት የሚመጣ ሲሆን፣ በበሽታው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶዎቹ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው።

የገበያ ባለሙያ ነኝና የቤት እንስሳት ዕቃ የሚሸጥበትን ሱቅ ሳላይ አላልፍም። የሚያምር የአንገት ማሰሪያና ከውጭ የመጣ ሻምፑ ቶሎ ይሸጣል። ክትባት ግን መስታወት ውስጥ አይደረደርም። መኪናችንን ኪሎ ሜትር ቆጥረን ሰርቪስ የምናስገባ ሰዎች ውሻችንን ሐኪም ዘንድ የምንወስደው ምግብ እምቢ ሲል ነው።

ቡችላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሞላው የዲስቴምፐርና የፓርቮ ክትባት ይጀምራል፤ አራት ወር እስኪሆነው ይደጋገምለታል። የእብድ ውሻ ክትባት በሦስት ወሩ ይሰጠዋል፤ ከዓመት በኋላም ይደገማል። ከዚያ ወዲያ በዓመት አንዴ ሐኪሙ ክብደቱን፣ ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ ልቡን ያያል። እንስሳ ሕመሙን ስለሚደብቅ እኛ ያላየነውን የሚያገኘው በዚህ ጊዜ ነው።

የትል መድኃኒቱ ነገር ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። በበዓል በግ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከተገኘ ቆርጠን ለውሻ እንወረውራለን። ከዚህ የባሰ ስህተት የለም! በከረጢቱ ውስጥ ያለው የትል ዘር በውሻው አንጀት ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ ውሻውን ሲያሻሽ የዋለ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ይውጠዋል። ከዚያ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ተመሳሳይ ከረጢት ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሊያድግ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥጋ ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቅበሩ፤ ለውሻዎም በክብደቱ ልክ የሚታዘዘውን የትል መድኃኒት በየጊዜው ያሰጡት።

ደባርቅና ዳባት ላሉ ቤተሰቦች ቅርቡ የወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል አለው። ክትባቱ መኖሩንና በማቀዝቀዣ መቀመጡን አስቀድመው ይጠይቁ።

ልጅ ከተነከሰ ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡት፤ በዚያው ቀንም ጤና ተቋም ይድረሱ። የነከሰው ውሻ የክትባት ካርድ ካለው ይዘውት ይሂዱ፤ ሐኪሙ መጠየቁ አይቀርም።