ሐረርን ለጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ለማየትም እንሂድ

እኛ የቦርደዴ ሰዎች ሐረርን እናውቃታለን። ግን እንዴት ነው የምናውቃት? ዘመድ ሲታመም ይዘን ሆስፒታል እንሄዳለን። ዕቃ ልንሸጥ ወይም ልንገዛ እንሄዳለን። ጉዳያችን ሲያልቅ መኪና ተሳፍረን እንመለሳለን። ከሩቅ አገር ያለ ሰው ግን ገንዘቡን ቆጥቦ፣ ባሕር ተሻግሮ ሐረርን ሊያይ ይመጣል። ታዲያ እኛ ጎረቤታችንን ሳናያት እንቅር? ዛሬ አብረን እንሂድ።

መንገዱ

ከቦርደዴ ተነሥተን ሜኢሶን እናልፋለን። ቆላውን ትተን ወደ አሰበ ተፈሪ፣ ወደ ጭሮ እንወጣለን። ሂርናን አልፈን ጨለንቆ እንደርሳለን። በ1879 ዓ.ም. የሐረሩ አሚር አብዱላሂ ጦርና የምኒልክ ጦር የተዋጉት እዚህ ነው። ብዙ ሰው አልቋል። ቀጥሎ ቁልቢ ገብርኤል አለ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሕዝብ ከየአገሩ ይጎርፍበታል። ከዚያ ሐረማያና አወዳይ ናቸው። ሐረርም ደረስን።

ግንቡና በሮቹ

አሮጌው ከተማ ጁገል ይባላል። ዙሪያውን በድንጋይ ግንብ ታጥሯል። ግንቡን አሚር ኑር እንዳሠሩት ይነገራል። ይህ ከሆነ ከ450 ዓመት በላይ ነው። ግንቡ አምስት የቆዩ በሮች አሉት። እነሱም ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ናቸው። ሐረሪዎች ደግሞ በራሳቸው ቋንቋ ሌላ ስም አላቸው። ለምሳሌ ኤረር በርን አርጎብ በሪ ይሉታል። በሩ አንድ ነው፤ ስሙ ግን እንደ ሰዉ ቋንቋ ብዙ ነው። መኪና የሚገባበት በር በኋላ ዘመን የተከፈተ ነው።

በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ። ከእነሱ ሦስቱ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የተሠሩ ናቸው ይባላል። 102 አዋቾችም አሉ። አዋች ማለት የደጋግ ሰዎች መቃብርና መታሰቢያ ነው። ፈረስ መጋላ በሚባለው አደባባይ ደግሞ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሶማሌው፣ አርጎባው፣ ጉራጌው በአንድ ገበያ ይገበያያል።

ገበያውና ቤቱ

ከፈረስ መጋላ ወደ ታች የሚወርደው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። እዚህ መኪና የተባለው የልብስ ስፌት መኪና ነው። ልብስ ሰፊዎች በግራና በቀኝ ተቀምጠው ይሰፋሉ። ጨርቁን ገዝተን፣ አሰፍተን፣ በዕለቱ ይዘን መመለስ እንችላለን።

የሐረሪን ቤት ሳያዩ መመለስ ግን ያስቆጫል። በትልቁ ክፍል ውስጥ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉ። ነደባ ይባላሉ። አባወራውም፣ እንግዳውም፣ ልጁም የየራሱ ቦታ አለው። ግድግዳው ላይ ሴቶች የሰፉት ስፌት ተደርድሯል። መደቡ ቀይ ይቀባል። ቀዩ በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል የሚሉ አሉ።

መጻሕፍቱ

ለእኛ ለአዲስ አንባቢዎች ከሁሉ የሚበልጠው የሸሪፍ ሙዚየም ነው። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የሚባሉ የሐረር ሰው የቆዩ የእጅ ጽሑፎችን፣ ገንዘቦችንና የዘፈን ሸክላዎችን ሰበሰቡ። የተቀዳደዱትን መጻሕፍት ለማዳን የድሮውን የመጽሐፍ ድጉሰት ሙያ ተማሩ። ሰው ችላ ያለውን ወረቀት እሳቸው አዳኑት።

የሐረሪ ቋንቋ ድሮ በዓረብ ፊደል ይጻፍ ነበር። ብዙዎቻችን ቤታችን የምንናገረው ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ ይጻፋል። አማርኛው በዚሁ በያዝነው ፊደል ነው። አንዱን ፊደል የለየ ሰው ሌላውን ለመማር አይፈራም።

ጅቡ

ሲመሽ ከግንቡ ውጪ ጅብ ይጠራል። ጅብ መጋቢው ሥጋውን በእንጨት ይዞ ያጎርሰዋል። እኛ ጅብ ሲመጣ በረታችንን እንዘጋለን፤ ሐረሮች ግን በግንባቸው ሥር ቀዳዳ ትተውለታል። በረሃብ ዘመን ሰውና ጅብ በገንፎ ታረቁ ተብሎ ይተረካል።

እንዳይጠፋ

በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጁገልን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። መዝገቡ ግን ግንብ አይጠግንም። አሮጌው ቤት ፈርሶ በብሎኬት ሲተካ፣ ከግንቡ አንድ ድንጋይ ሲወሰድ፣ የጠፋው አይመለስም። እንግዳ መምጣቱን ካቆመ ደግሞ አስጎብኚውም፣ ስፌት ሠሪዋም፣ ሾፌሩም ይጎዳል። ስለዚህ ስንሄድ ግንቡን አንቧጥጥ። መስጊድ ስንገባ ጫማችንን እናውልቅ። ሰው ቤት ፈቃድ ሳንጠይቅ አንግባ፤ ፎቶም አናንሳ።

ድሮ መናኸሪያ ቆመን «ይሄ መኪና የት ነው የሚሄደው?» ብለን ሰው እንጠይቅ ነበር። አንዳንዴም ተሳስተን እንሳፈር ነበር። ዛሬ «ሐረር» የሚለውን ራሳችን እናነባለን። በሚቀጥለው ጊዜ በሽተኛ ለመጠየቅ ስንሄድ ግማሽ ቀን እንጨምር። ከአምስቱ በሮች በአንዱ እንግባ። ያየነውንም በአምስት መስመር ጽፈን ለክፍላችን እናንብብ።