የሲኒው ወርቅ ለምን ይለቃል?

ስለ ሲኒ አጠባብ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ ሁሉ እዚሁ ልመልስ። በእኛ በቡሹሎም ሆነ በሌላው የሐዋሳ ሰፈር እንደ ሲኒ የሚታጠብ ስስ ዕቃ የለም። የቡፌው ሳህን የሚወጣው እንግዳ ወይም በዓል ሲመጣ ነው። ሲኒ ግን በአንድ ቡና ብቻ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ደጋግሞ ይለቀለቃል።

ወርቃማው ጠርዝ ቀድሞ የሚለቀው ሲኒው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ነጩ አካል ካኦሊን ከሚባል አፈር፣ ከፌልድስፓርና ከኳርትዝ ተቦክቶ ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ እሳት የተተኮሰ ነው። የሚያብረቀርቀው ሽፋኑም መስታወት በሉት፤ ቡና አይበግረውም። ወርቁና ብዙ ጊዜም አበባው የሚቀቡት ግን ከዚያ በኋላ፣ በሽፋኑ ላይ ነው። የሚተኮሱትም በ800 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከላያቸው የሚከላከልላቸው ነገር የለም።

አፈሩ የሩቅ አገር ሀብት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የከተማችን ታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ ከደቡብ፣ ከቦምቦዋሃ የሚወጣ ካኦሊን ሲጠቀም የኖረ ነው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ወደ እጥበቱ እንግባ። ሽቦ፣ አመድና አሸዋ ለድስት ይሁኑ እንጂ ሲኒ አይንኩ። ሽፋኑን በዓይን በማይታይ ጭረት ይሞሉታል፤ ቡናው እዚያ ይገባና በሚቀጥለው ጊዜ ይብስበታል። “ቢታጠብ ቢታጠብ አልነጣ አለ” የምትሉት ሲኒ ብዙውን ጊዜ እንዲህ የተፋቀ ነው። በረኪናም ለወርቁ ጠላት ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽና ለስላሳ ስፖንጅ ይበቃል። ሳፋው ውስጥ ፎጣ አንጥፉ፤ ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ እጠቡ። ሁሉንም አንድ ላይ ስንከምር እርስ በርስ እየተጋጩ ይሸረፋሉ።

ቡናማው ቀለበት የሚመጣው ከቡናው ታኒን ነው፤ ሲኒው ሳይታጠብ ካደረ ይጠነክራል። ቤኪንግ ሶዳ በጠብታ ውሃ ለውሳችሁ፣ በለስላሳ ጨርቅ ውስጡን ብቻ ቀስ ብላችሁ እሹት። ማንኪያ የሚተወው ግራጫ መስመር ሲኒው የተጫረ ያስመስለዋል እንጂ ከማንኪያው የተፋቀ ብረት ነው፤ እሱም በዚሁ ይለቃል። ውሃ ደርቆ ለሚተወው ነጭ ነገር በውሃ የቀጠነ አቼቶ ጥሩ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ አቆይታችሁ አለቅልቁት። ወርቅና አበባ ላይ ግን አቼቶም ሎሚም አታሳርፉ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የመለቅለቂያውን ውሃ ነው። ከአቦል በኋላ ሲኒውን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀን ወዲያው የፈላ ቶና ስንቀዳበት ውስጡ ከውጭው ቀድሞ ይለጠጣል፤ ስንጥቅ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ለብ ባለ ውሃ አለቅልቁ፤ ይኸው ነው። ወርቅ ያለበትን ዕቃ ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቡ፤ ይፈነጥቃል።

ሲኒ መሰንጠቁን ለማወቅ በጥፍራችሁ መታ አድርጉት። ደህናው ጥርት ብሎ ያቃጭላል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። የታፈነውን ለእንግዳ አታቅርቡ፤ ስንጥቁ ውስጥ ቆሻሻ ይቀመጣል። በሙጫ የተጣበቀም ለትኩስ ቡና አይሆንም።

የቡፌ ሳህን ስትደራርቡ በየመሃሉ ስስ ጨርቅ ወይም ሶፍት አድርጉ። የሳህኑ እግር ሽፋን የሌለው ሻካራ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ሳህን አበባ የሚፍቀው እሱ ነው።