የማይፈስ መግል፦ የዶሮ ውስጥ እግር እባጭና ሕክምናው

አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ ጠዋት ከቆጧ ወርዳ እንደ ወትሮዋ መሬት መጫሯን ትታ አንድ እግሯን አንሥታ ብትቆም፣ ባለቤቷ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ስብራትን ወይም ወለምታን ነው። ይሁን እንጂ ይዞ ውስጥ እግሯን ቢመለከት፣ በመካከሉ ያበጠ ሥጋና በላዩ የተጣበቀ ጥቁር ቅርፊት ሊያገኝ ይችላል። ሕመሙ በጓሮ ዶሮዎች ላይ የተለመደ ነው። የታመመች ዶሮ እንደ ልቧ ተንቀሳቅሳ መመገብ ስለሚሳናት እንቁላሏም ይቀንሳል፤ ሦስት ወይም አራት ዶሮ ብቻ ላለው ቤተሰብ ደግሞ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የሕመሙን መነሻ፣ ከሰው እባጭ የሚለይበትን ምክንያትና ተገቢውን ሕክምና እንመለከታለን።

ሕመሙ እንዴት ይጀምራል?

የዶሮ ውስጥ እግር ትራስ መሰል ክፍል አለው፤ ዶሮዋ ስትቆምና ከከፍታ ስትዘል ክብደቷን የሚሸከመው ይኸው ነው። ቆጡ ከፍ ያለ፣ ወለሉም ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ከሆነ ዶሮዋ በዘለለች ቁጥር ትራሱ ይቀጠቀጣል። እሾህ ወይም የእንጨት ስንጥር ሲወጋው፣ አልያም እርጥብ ጉዝጓዝ ቆዳውን ሲያለሰልሰው ለተሕዋስያን በር ይከፈታል። ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የቫይታሚን ኤ እጥረትም ሕመሙን ያባብሳሉ።

በዚህ በር ከሚገቡት ዋነኛው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ስታፊሎኮከስ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1882 የሰጠው ስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም አሌክሳንደር ኦግስተን ሲሆን፣ ባክቴሪያዎቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ የወይን ዘለላ ስለሚመስሉ ስሙን ከግሪክኛ ወስዶታል። ይህ ባክቴሪያ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ከሦስት ሰዎች አንዱ ገደማ በአፍንጫው ይዞት ይኖራል።

የዶሮ መግል ለምን አይፈስም?

በሰው አካል ውስጥ ባክቴሪያ ሲገባ ኒውትሮፊል የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት በቦታው ይከማቻሉ። ከእነርሱ የሚወጡት ኢንዛይሞች የሞተውን ሥጋ ስለሚያሟሙት መግሉ ፈሳሽ ይሆናል፤ የበሰለ እባጭም ፈርጦ ይወጣል። በአእዋፍ ይህን ሥራ የሚሠሩት ሄትሮፊል የተባሉ ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ ግን ማይሎፐሮክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም የላቸውም፤ ሥጋን የማሟሟት ኃይላቸውም አነስተኛ ነው። በመሆኑም የዶሮ መግል ውኃው ተጠንፍፎ እንደ ጠጠረ አይብ ይሆናል።

ከዚህ ልዩነት ሁለት ቁም ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ እባጩን መጭመቅ ጠጣሩን መግል አያወጣውም፤ ይልቁንም ባክቴሪያውን ወደ ጅማትና ወደ አጥንት ሊገፋው ይችላል። ሁለተኛ፣ የሚዋጥ መድኃኒት ወደ ቁስሉ የሚጓዘው በደም አማካይነት ነው፤ የጠጠረው መግል ግን የደም ሥር የለውም። ስለዚህ ከሰው የተረፈ የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ፈትቶ ለዶሮ መስጠት መግሉን ሳያስወግድ መድኃኒቱን የሚለምድ ባክቴሪያ እንዲበዛ ያደርጋል፤ ቅሪቱም በእንቁላሉ በኩል ወደ ገበታችን ይደርሳል።

ሕክምናው

ቆዳው ቀልቶ ወይም ትንሽ ቅርፊት ይዞ፣ እብጠቱ ገና ሳይጠነክር ከተደረሰበት በቤት ውስጥ መርዳት ይቻላል። በቅድሚያ ጓንት እናጠልቃለን። እግሯን ለብ ባለ ውኃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ዘፍዝፈን ቆሻሻውን እናስለቅቃለን። ቀጥሎም 9 ግራም ጨው በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አሟሙተን ቁስሉን እናጥባለን፤ በውኃ የቀጠነ ፖቪዶን አዮዲን ቀብተንም በንጹሕ ጎዝና በፋሻ እንሸፍናለን። ፋሻው ጣቶቿን እስኪያሳብጥ መጥበቅ የለበትም፤ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይለወጣል። ማደንዘዣ የተቀላቀለባቸው ቅባቶች ለአእዋፍ መርዝ ሊሆኑ ስለሚችሉ አንጠቀምባቸውም። ዶሮዋም እስክትድን በደረቅና በለስላሳ ጭድ ላይ ትቆያለች።

እብጠቱ ከጠነከረ፣ ወደ ጣቶቿ ወይም ወደ ቅልጥሟ ከተዛመተ፣ አልያም ዶሮዋ መብላት ካቆመች ግን ጉዳዩ የእንስሳት ሐኪም ነው። ሐኪሙ አደንዝዞ ጠጣሩን መግል በቀዶ ሕክምና ያወጣል፤ እንደ አስፈላጊነቱም ለባክቴሪያው ተስማሚ የሆነውን መድኃኒት ያዝዛል። መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ ውስጥ እንቁላሏ አይበላም።

የዳነች ዶሮ ወደዚያው ቆጥ ከተመለሰች ሕመሙም ሊመለስባት ይችላል። ስለዚህ ቆጡን ከግማሽ ሜትር ባልበለጠ ከፍታ መሥራት፣ እንጨቱን ከስንጥር ማጥራት፣ ጉዝጓዙንም ማድረቅ የሕክምናው አካል ነው። ዶሮዎች ማታ በቆጣቸው ላይ ሲሰፍሩ ረጋ ስለሚሉ፣ በሳምንት አንድ ምሽት ባትሪ ይዘን ውስጥ እግራቸውን ብንመለከት፣ መግሉ ከመጠጠሩ በፊት እንደርስበታለን።