የመድህን ደብተር ይዞ መድኃኒት ማጣት

በጋሞ ደጋ ሰው ጠና ያለ ሕመም ሲይዘው ቤተሰቡ ሂሳብ ውስጥ ይገባል። ከዲታ ወይም ከቦንኬ ወደ አርባ ምንጭ ሆስፒታል መውረዱ ራሱ ገንዘብ ነው። ካርድ፣ ምርመራና መድኃኒት ሲጨመርበት በግ ይሸጣል፣ ጎረቤት ይጠየቃል። እድር አለ፤ ግን በልማዱ የእድር ብር ፈጥኖ የሚደርሰው ለለቅሶ ነው።

ሕጉ ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል። አንቀጽ 90 ደግሞ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ የጤና አገልግሎት እንዲያገኝ ፖሊሲዎች ይጣሩ ይላል፤ የሀገሪቱ አቅም እስከፈቀደ ድረስ። ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። መብት ነው ተብሎ ተጽፏል፤ አቅም የለም ሲባል ግን ማን ይጠየቃል?

ደቡብ አፍሪካ ይህን ጥያቄ ፍርድ ቤት ድረስ ወስዳዋለች። እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ የኩላሊት ሕመምተኛ እጥበት ተከለከልኩ ብሎ እስከ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ተከራከረ። የሀገሩ ሕገ መንግሥት ጤናን በግልጽ መብት ያደርጋል፤ ፍርድ ቤቱ ግን የሆስፒታሉ ማሽኖች ውስን መሆናቸውን አይቶ ፈረደበት። ሰውየውም ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

ኢትዮጵያ የመረጠችው መንገድ መዋጮ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በያኔው ደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ከሙከራዎቹ አንዱ ከጋሞ ብዙም የማይርቀው የወላይታው ዳሞት ወይዴ ነበር። በደቡብ መነሻ መዋጮው ለአንድ ቤተሰብ በወር 10 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር፤ ዛሬ ያ ገንዘብ ምን እንደሚገዛ አንባቢ ያውቃል። መዋጮው ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ አድጓል።

አሠራሩ ብልህ ነው። የሚመዘገበው ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው፤ አለዚያ የታመመው ብቻ ገብቶ የመዋጮውን ቋት ባዶ ያደርገዋል። መክፈል የማይችሉትን ቀበሌ ይለያል፣ መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ወሊድ፣ ክትባትና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ቀድሞውኑ ለሁሉም ነጻ ናቸው። አባሉ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፣ ሪፈር ሲጻፍለት ወደ ሆስፒታል ያልፋል። ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም እጥበት ግን፣ ልክ በደቡብ አፍሪካው ሰው ላይ እንደደረሰው፣ መድህኑ ሲነደፍ ጀምሮ ከሽፋኑ ውጭ ነበር።

የአባላት ዋና ቅሬታ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። የመድህን ደብተሩን ይዘው ይሄዳሉ፣ ይመረመራሉ፣ ከዚያ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይባላሉ። የግል ፋርማሲ ደግሞ ደብተር ሳይሆን ብር ነው የሚጠይቀው። ዓመቱን ሙሉ መዋጮ የከፈለ ሰው ሁለተኛ ከኪሱ ከከፈለ በሚቀጥለው ዓመት ባያድስ አይፈረድበትም።

በአሜሪካ ሰው የሚያማርረው መድን ድርጅቱ አልከፍልም ሲል ነው። እዚህ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከፋዩ መድህን ጤና ጣቢያውን ጠንከር ብሎ አይጠይቅም። ጤና ጣቢያው የወረዳው ነው፤ የመድህኑን ቦርድ የሚመራውም የወረዳው አስተዳዳሪ ነው። መድኃኒት ለምን ጠፋ ብሎ መጠየቅ የነበረበት አካል ራሱን መክሰስ ይሆንበታል። የመድን ሰጪ ትልቁ ጥቅም በብዙ ሺህ አባወራ ስም መደራደሩ ነው፤ ያ ጉልበት ሥራ ላይ ካልዋለ መዋጮው ከሌላ የወረዳ ግብር አይለይም።

ሌላው ችግር የጋሞ ነው ማለት ይቻላል። የዶርዜ ሸማኔ የሚሠራው አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ነው፤ ቤተሰቡ ደጋ ላይ ነው። ደብተሩ ግን በመሠረቱ የሚያገለግለው ወረዳው ውል በገባባቸው ተቋማት ነው። ጥሬ ገንዘብ ወደ ደጋው ጎርፎ የሚገባው ሸማኔው ለመስቀል ሲመለስ ነው፤ የምዝገባው ዘመቻ ደግሞ እህል አምራቹን ገበሬ አስቦ አብዛኛውን ጊዜ ከመኸር በኋላ ይውላል። የደጋው እንሰት ግን የመኸር ቀን የለውም።

የደመወዝተኛው ጉዳይ ደግሞ ያስገርማል። የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው ሌላ 3 በመቶ እንዲያዋጡ ታስቦ ነበር። ሠራተኛው ቅር አለው፣ ትግበራው ከዓመት ዓመት ተላለፈ። በዚህ መሐል የቦንኬ ገበሬ ደብተር ሲይዝ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ መምህር በመንግሥት መድህን ሳይታቀፍ ቆየ።

የጤና መድህን ዕቅዶች ቋቱን ከወረዳ ወደ ዞንና ወደ ክልል ከፍ የማድረግ ሐሳብ ይዘዋል። ብዙ ወረዳዎች በአንድ ቋት ሲገቡ አንዱ ወረዳ ቢከስር ሌላው ይሸፍንለታል፤ ከፋዩም ከጤና ጣቢያው አስተዳደር ይርቃል። ያኔ ከግል ፋርማሲ ጋር ውል ገብቶ ሂሳቡን ከጤና ጣቢያው ክፍያ ላይ የሚቀንስ መድህን ማሰብ ይቻላል። ለዲታው አባል ልዩነቱ የሚታየው «ከውጭ ግዙ» በተባለበት ቀን ነው፤ የመድኃኒት ማዘዣውን ይዞ ፋርማሲ ይገባል፣ የሚከፍለው መድህኑ ይሆናል።