ቀንዳሙ የጓሮ እንግዳችን

ባለፈው ዓመት የጳጉሜ ሰሞን ነው። እዚህ ቨርጂንያ ባለችው ሬስቶራንቴ ለእንቁጣጣሽ የታዘዘውን ዶሮ እየበለትን፣ ሽንኩርቱን እያቁላላን ሳለ ከጓሮ በኩል «እትዬ! እትዬ! ኧረ ቶሎ ይምጡ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። የአስተናጋጃችን ድምፅ ነው። እጄን በሽርጤ ጠርጌ ብወጣ፣ የ7 ዓመት ልጇ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሟል። መዳፉ ላይ ያለውን ሳይ ጉልበቴ ከዳኝ።

አባጨጓሬ ነው እንዳልል፣ እኔ የማውቀው አባጨጓሬ ጣት አያክልም። ይሄኛው ከልጁ መዳፍ አልፎ ወደ ክንዱ ተዘርግቷል። መልኩ ወደ ሰማያዊ ያደላ አረንጓዴ፣ ውፍረቱ እንደ አውራ ጣቴ። ከራሱ ኋላ ጫፋቸው የጠቆረ፣ ብርቱካንማ ቀንዶች ቆመዋል። እናትየው ታለቅሳለች። ወጥ ቤት የምትሠራው «የፈላ ውሃ ላምጣ» ትላለች። ሌላው «ኢመርጀንሲ ውሰዱት!» ይላል። ልጁ ብቻ «አይነክስም እኮ፣ ይኮረኩረኛል» እያለ ይስቃል።

ፍርሃታችን ያለ ምክንያት አይደለም። አገር ቤት ያደግን ሰዎች ጸጉራሙ አባጨጓሬ ሲነካን እንዴት እንደሚያሳክክ እናውቃለን። ገበሬ ቤት ያደገ ደግሞ ተምች አዝመራ ሲጨርስ አይቷል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ስናይ መጀመሪያ የምናነሳው ጫማ ነው። አልዋሽም፣ እኔም አውልቄ ነበር።

ያስቆመኝ አንድ ሐሳብ ነው። ጨፍልቀን ከጣልነው በኋላ ሐኪሙ «ልጁን የነካው ምንድን ነው?» ሲል ምን ልንል ነው? ስለዚህ አባጨጓሬውን ቀስ አድርገን ወደ ካርቶን አሻገርነው። የልጁን እጅ በሳሙና አጠብን። ከዚያ እናትየው ለመርዝ መረጃ ማዕከል ስትደውል እኔ ስልኬን አወጣሁ።

የፎቶው ነገር

የመጀመሪያው ፎቶ ከንቱ ነበር። እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በፀሐይ አንፀባራቂ ነው ያነሳሁት። ስልኬ ላይ ብፈልግበት ሦስት የተለያየ መልስ ሰጠኝ፤ አንዱ መርዛም ነው ይላል። እናትየው ይህን ስትሰማ ባሰባት።

ከዚያ ረጋ ብዬ እንደገና ጀመርኩ። ካርቶኑን ጥላ ውስጥ አስገባሁ። ከጎን አንድ፣ ከፊት ቀንዶቹ እንዲታዩ አንድ፣ ከላይ አንድ አነሳሁ። ትልቅነቱ እንዲታወቅ የትእዛዝ መቀበያ እስክሪብቶዬን አጠገቡ አስቀመጥኩ፤ እኩል ሊሆኑ ትንሽ ቀራቸው። በመጨረሻ ቀና ብዬ ከመኪና ማቆሚያው በላይ ያለውን ዛፍ አነሳሁ። ዋልነት ነው። ለካ ትልቁ ፍንጭ እሱ ኖሯል። አባጨጓሬ ያገኘውን ሁሉ አይበላም፤ አብዛኛው የራሱ የሆኑ ዛፎች አሉት።

ፎቶዎቹን አይናቹራሊስት የሚባለው መተግበሪያ ላይ ስጭን ስሙ ወጣ፤ «ሂኮሪ ሆርንድ ዴቭል»፣ ቀንዳሙ የሂኮሪ ሰይጣን ማለት ነው። ወረዳችን ላለው የዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን ቢሮም ላክሁ፤ በማግስቱ ያው ነው አሉኝ። አገር ቤት የግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንደምናውቀው እዚህም አለ፤ ብዙዎቻችን ግን አንጠቀምበትም።

የመርዝ ማዕከሉ ባለሙያም ማሳከክ፣ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር እንዳለው ጠይቃ፣ አንዱም ስለሌለ ቤት ሆነን እንድንከታተለው ነገረችን። ልጁ ያን ማታ ሁለት ሳህን ፍርፍር በላ።

ሰይጣን የተባለው የዋህ

ይህ አባጨጓሬ በሰሜን አሜሪካ በግዙፍነት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው፤ እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ቀንዶቹ ለማስፈራሪያ እንጂ አይናደፉም፤ መርዝም የላቸውም። ሂኮሪ፣ ዋልነት፣ ፐርሲመንና ስዊትጋም ዛፍ ላይ ቅጠል እየበላ ያድጋል። በበጋው መጨረሻ ከዛፉ ወርዶ የሚቆፍረው አፈር ፍለጋ መሬት ለመሬት ይዞራል። የኛም እንግዳ አፈር ሲፈልግ አስፋልት ላይ የቀረ ምስኪን ነበር።

አፈር ውስጥ ክረምቱን ከርሞ፣ በሚቀጥለው በጋ ግራጫ ክንፉ ላይ ብርቱካንማ መስመር ያለው ትልቅ የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል። ያኔ አፉ አይሠራም፤ ምንም ሳይበላ ተራክቦ፣ እንቁላል ጥሎ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይሞታል። ሰው በማብላት የምተዳደር ሰው ነኝና ይህን ሳነብ አዘንኩለት።

እናንተ ብታገኙስ?

ሁሉም እንደኛው የዋህ አይደለም። ጀርባው ላይ ኮርቻ የመሰለ ምልክት ያለው ሳድልባክና የድመት ጸጉር የለበሰ የሚመስለው ፐስ ካተርፒላር ክፉኛ ያቃጥላሉ። ስለዚህ፦

- ምንነቱን ሳታውቁ በባዶ እጅ አትንኩ፤ ልጆችንም አስተምሩ።
- ከጎን፣ ከፊት፣ ከላይ ፎቶ አንሱ፤ አጠገቡ ሳንቲም ወይም እስክሪብቶ አኑሩ፤ ዛፉንም አንሱ።
- ከነካችሁና ካቃጠላችሁ፣ እሾሁን በፕላስተር ለጥፋችሁ አንሱ፤ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ።
- አሜሪካ ላላችሁ የመርዝ መረጃ ማዕከል ቁጥር 1-800-222-1222 ነው። ነጻ ነው፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ። ትንፋሽ ካጠረ ግን በቀጥታ 911።

ልጁ እንግዳውን ከነካርቶኑ ወስዶ ከዋልነቱ ሥር ለስላሳ አፈር ላይ አኖረው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስመለስ የለም።

ዘንድሮ በጋው ሲገባ ልጁ በየሳምንቱ እየመጣ «ወጣ?» ይለኛል። እስካሁን አላየነውም። የእሳት እራት በመብራት ይሳሳታል ብሎ ከሆነ ቦታ ሰምቶ፣ «እትዬ፣ ማታ የጓሮውን መብራት ያጥፉለት» ብሎ አዞኛል። ሒሳብ ዘግተን ስንወጣ አጠፋዋለሁ።