አስቀድሞ ድልድዩ

የቦጋለች ገብሬ ሕይወት ለዛሬው ወጣት የሚያስተምረው

ክረምት በገባ ቁጥር በሐዋሳ ከተማ ወጣቶች ለበጎ ፈቃድ ሥራ ሲወጡ ታያላችሁ። አንዱ የአቅመ ደካማ ቤት ያድሳል፤ ሌላው ችግኝ ይተክላል፤ ሌላው ደግሞ ሕፃናትን ሰብስቦ ያስጠናል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን መስከረም ሲጠባ፣ ከተጀመረው ሥራ መካከል ብዙው ከዝናቡ ጋር አብሮ ያበቃል። እንግዲህ አንድ ነገር መጠየቅ ይገባናል። ሰውን ለመርዳት የተነሣ ወጣት ሥራውን ከየት ይጀምር? ሥራውስ እርሱ ከሄደ በኋላ እንዲቆም ምን ያድርግ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከሐዋሳ ተነሥተን በሻሸመኔ በኩል ወደ ምዕራብ ብንጓዝ፣ ሐላባ ቁሊቶን አልፈን ዱራሜ እንደርሳለን። ዱራሜ ከሐምበሪቾ ተራራ አጠገብ ያለች የከምባታ ከተማ ናት። ከምባታ ከ2023 ወዲህ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ቢሆንም፣ ከዚያ በፊት ለሠላሳ ዓመት ያህል ዋና ከተማው ሐዋሳ በነበረው በደቡብ ክልል ሥር ይተዳደር ነበር። የዛሬው ጽሑፌ ባለታሪክ ወይዘሮ ቦጋለች ገብሬ የዚህ የከምባታ ገጠር ልጅ ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስልኝ።)

ውኃ ልቅዳ ብላ

ቦጋለች ልጅ በነበረችበት ዘመን በከምባታ የሴት ልጅ ሥራ የታወቀ ነበር። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ እናትን በእንሰቱ ሥራ ማገዝ፣ ዕድሜዋ ሲደርስም ባል ማግባት ነው። ትምህርት የወንድ ልጅ ነገር ነበር። አባቷም ሴት ልጅ እንድትማር አልፈቀዱም። ልጅቱ ግን ፊደል መቁጠር ፈለገች። ስለዚህ ውኃ ልቅዳ ብላ ከቤት እየወጣች በስውር ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ትሄድ ጀመር። ዛሬ ደብተር ተገዝቶለት፣ ምሳ ተቋጥሮለት የሚሄድ ተማሪ ይህን ቢያስብ ለደብተሩ ያለው አክብሮት ይጨምር ይመስለኛል።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት ደግሞ እንደ አገሩ ልማድ ተገረዘች። ብዙ ደም ፈሰሳት፤ ለሞትም ተቃርባ ነበር። አንድ ነገር ልብ እንድትሉ እለምናችኋለሁ። ይህን ያደረጉባት ጠላቶቿ አልነበሩም። የሚወዷት ቤተሰቦቿ፣ ልጃችን ሳትገረዝ ብትቀር ባል አታገኝም፣ ከሰውም በታች ትሆናለች ብለው የሚያምኑ ሰዎች ነበሩ። የነገሩ ክብደትም በዚህ ላይ ነው። ክፉ ሰው የሠራውን ክፋት መቃወም ቀላል ነው፤ ደግ ሰው በፍቅር የሚያደርገውን ጉዳት ማስቆም ግን ሌላ ጥበብ ይጠይቃል።

ጉዳቱ በዚያ ቀን አላበቃም። ግርዛት ብዙ ሴቶችን ዕድሜ ልካቸውን ይከተላል። ቁስሉ የፈጠረው ጠባሳ በወሊድ ጊዜ ምጡን ያጠናዋል፤ ደም መፍሰስም ያስከትላል። ከቦጋለች እኅቶች አንዷም በወሊድ ምክንያት ሞታለች።

ከእንሰቱ ጓሮ እስከ ኢየሩሳሌም

ልጅቱ ትምህርቷን አልተወችም። በነጻ የመማር ዕድል አግኝታ ከገጠር ወደ አዲስ አበባ መጣችና አዳሪ ሆና ተማረች። ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ሄዳ በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ስለ ጥቃቅን ሕዋሳት የሚያጠናውን ትምህርት፣ ማይክሮባዮሎጂን፣ ተማረች። ቀጥሎም በፉልብራይት የትምህርት ዕድል አሜሪካ አገር ገብታ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ፣ በኋላም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሎስ አንጀለስ ስለ በሽታዎች መዛመት አጠናች።

ከዚህ በኋላ ወይዘሮ ቦጋለች በሎስ አንጀለስ ደኅና ኑሮ መሥርተው መቅረት ይችሉ ነበር። ቢቀሩም የሚወቅሳቸው አልነበረም። ነገር ግን ትተውት የመጡት መንደር ከልባቸው አልወጣም። እዚያው አሜሪካ ሳሉ ለኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች የቴክኒክ መጻሕፍት የሚልክ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋሙ። ማራቶን እየሮጡም ለወገኖቻቸው ገንዘብ ያሰባስቡ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ብዙ ጊዜ መከራ ሰውን ያስተምራል ሲባል እንሰማለን። እኔ ግን መከራ በራሱ አስተማሪ አይመስለኝም። ተርቦ ያደገ ሰው ሁሉ ለተራበ አይራራም፤ አንዳንዱማ እኔ የቻልሁትን እነርሱስ ለምን አይችሉም ይላል። ሌላው ደግሞ ካመለጠበት ቦታ ስም ጭምር መሸሽ ይፈልጋል። ቦጋለችን ልዩ የሚያደርጋቸው መከራ መቀበላቸው አይደለም፤ በከምባታ ያሉ ሴቶች ሁሉ ያንኑ መከራ ተቀብለዋልና። ልዩነታቸው የደረሰባቸውን እንደ ዕውቀት መቁጠራቸው ነው። ሐኪም የማያውቀውን፣ ሕግ አዋቂም የማያውቀውን እርሳቸው ከሰውነታቸው ያውቁት ነበር።

ሕዝቡ የጠየቀው

በ1990ዎቹ ዓመታት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ያ ጊዜ ኤች አይ ቪ ኤድስ በአገራችን የሚስፋፋበት፣ ስሙን በአደባባይ መጥራት ግን እንደ ነውር የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር። ወይዘሮ ቦጋለች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቆመው በሰው ፊት ስለዚህ በሽታ ተናገሩ።

አሁን ራሳችሁን በሰሚዎቹ ቦታ አድርጉ። ከብዙ ዓመት በኋላ ከአሜሪካ የመጣች ሴት፣ በሽማግሌዎችና በእናቶች ፊት ቆማ፣ በቤት ውስጥ እንኳ የማይነሣ ነገር ታነሣለች። ይህች ማን ናት? ምን ፈልጋ መጣች? ማለታቸው አይቀርም። ወይዘሮ ቦጋለችም ንግግር ብቻውን እንደማይበቃ፣ ከሁሉ በፊት የሕዝቡን አመኔታ ማግኘት እንደሚያስፈልግ ተረዱ።

ስለዚህ ከመናገር ወደ መስማት ዞሩ። ሕዝቡ የነገራቸው ችግርም ስለ ግርዛት ወይም ስለ ኤድስ አልነበረም፤ ስለ ድልድይ ነበር። ድልድይ ባለመኖሩ ልጆች ትምህርት ቤት መድረስ አልቻሉም፤ ነጋዴዎችም ወደ ገበያ መሻገር አልቻሉም። አንድ ምሁር ነኝ ባይ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ የመጣሁት ለጤና ጉዳይ ነው፤ ድልድይ የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ነገር ነው ብሎ ይመልስ ነበር። ወይዘሮ ቦጋለች ግን ገንዘቡን አፈላልገው ድልድዩ እንዲሠራ አደረጉ።

ድልድዩ ካለቀ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ልጁ ደረቅ እግሩን ትምህርት ቤት የደረሰለት አባት፣ ያችን ሴት ቁጭ ብሎ ሊሰማት ምክንያት አገኘ። ከእኅታቸው ከወይዘሮ ፍቅርተ ገብሬ ጋርም በ1997 በተለምዶ ኬ ኤም ጂ የሚባለውን ድርጅት አቋቋሙ። በከምባትኛ ያለው ሙሉ ስሙ የከምባታ ሴቶች በአንድነት ቆመው እንደሚሠሩ የሚገልጽ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት ያስታውሰኛል።

በዛፍ ጥላ ሥር

የድርጅቱ ዋና መሣሪያ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አልነበረም። የማኅበረሰብ ውይይት ይባላል። ሽማግሌውና ወጣቱ፣ ባልና ሚስቱ፣ የሃይማኖት አባቱና ልጃገረዲቱ በየጊዜው እየተገናኙ ይነጋገራሉ። የውይይቱ መሪ አይሰብክም፤ ይጠይቃል። ይህን ልማድ ለምን እናደርገዋለን? ከየት መጣ? ምን ጠቀመን? ምንስ ጎዳን? ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ባለው ስብሰባ ላይ ብዙ ወንዶች ሚስቶቻቸው በምጥ ጊዜ የሚደርስባቸውን ነገር ከአፋቸው ሰሙ። በመጨረሻም ውሳኔው የሕዝቡ የራሱ ይሆናል፤ ውሳኔውን የሚያስከብረውም ሕዝቡ ነው።

በ2002 በከምባታ ያልተለመደ ሠርግ ተደረገ። ሙሽራዪቱ አለመገረዟን የሚናገር ጽሑፍ በደረቷ ላይ አንጠልጥላ በሕዝብ ፊት ቆመች፤ ሙሽራውም ያልተገረዘች ሴት በማግባቱ ደስ እንዳለው የሚገልጽ ጽሑፍ አንጠልጥሎ አጠገቧ ቆመ። ሁለት ሺህ ያህል ሰው ሠርጉን ታድሟል። የዚህን ነገር ትርጉም አስቡት። ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን ያስገርዙ የነበረው ባል እንዳያጡ ፈርተው ነው። አንድ ወንድ በአደባባይ ቆሞ ያልተገረዘች አገባሁ ሲል፣ ፍርሃቱ ሥሩ ተነቀለ። መቶ ስብከት ያላደረገውን አንድ ሠርግ አደረገው።

በ2008 በዩኒሴፍ አማካይነት የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፣ አስቀድሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴት ልጆች ይገረዙበት በነበረው አካባቢ ልማዱ ወደ 3 ከመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። የጠለፋ ጋብቻም እጅግ ቀንሷል። ወይዘሮ ቦጋለች በ2005 የአውሮፓ ምክር ቤት ድርጅት የሚሰጠውን የሰሜን ደቡብ ሽልማት፣ በ2013 ደግሞ 150,000 ዩሮ ያለውን የቤልጂግ የንጉሥ ቦዱዊን ሽልማት ተቀብለዋል። ኅዳር 2 ቀን 2019 በሎስ አንጀለስ ዐረፉ።

ሕግ ብቻውን

ምናልባት ከአንባቢዎች መካከል ሕግ ያለበት አገር ሆኖ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1957 በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በፈቃዷ ያገባት እንደ ሆነ ከክስ ይድን ነበር። በ2004 የወጣውና በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን ቀዳዳ ዘጋ፤ ግርዛትንም ወንጀል አደረገ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት ሴቶች 65 ከመቶ የሚሆኑት የተገረዙ ነበሩ። በእርግጥ ከእነዚህ ብዙዎቹ ሕጉ ሳይወጣ የተገረዙ ናቸው። ቢሆንም ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ከሆኑት ልጃገረዶች መካከል እንኳ 16 ከመቶ ያህሉ ተገርዘው ተገኝተዋል። ሕግ በወረቀት ላይ የተጻፈውን ያህል ጓሮ ድረስ አይገባም። ጎረቤት ግን ይገባል። ሕጉም ጎረቤቱም ሲኖሩ ነው ሥራው የሚሠራው።

ለእናንተ

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ከእናንተ አንዳንዶቹ ነገ ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከሌላ ኮሌጅ ተመርቃችሁ በግብርና፣ በጤና ወይም በመምህርነት ሥራ ወደማታውቁት ቀበሌ ትላካላችሁ። አንዳንዶቻችሁም በመሥሪያ ቤት ተቀምጣችሁ የደመወዛችሁን ማነስና የአለቃችሁን ጠባይ እያሰባችሁ፣ እኔ ለሰው ምን ልሠራ እችላለሁ? የምትሉ ትኖራላችሁ። ለሁለታችሁም ከቦጋለች ሕይወት የምወስደው ምክር አንድ ነው። የምትሰጡትን ከመምረጣችሁ በፊት ጠይቁ። ሰውዬው የሚነግራችሁ ነገር እናንተ ካሰባችሁት ያነሰ፣ ከሙያችሁም የራቀ ሊሆን ይችላል። ድልድይ ሊሆን ይችላል፤ ማመልከቻ የሚጽፍለት ሰው ማጣት ሊሆን ይችላል፤ የፈረሰ የውኃ ቧንቧም ሊሆን ይችላል። እርሱን አትናቁ። እርሱን ስትሠሩ ለሚቀጥለው፣ ለከባዱ ነገር የሚሆን መንገድ እየጠረጋችሁ ነው።

ቀጥሎም ቆዩ። ከአንድ ክረምት በላይ ቆዩ። ወይዘሮ ቦጋለች ድርጅታቸውን ካቋቋሙበት ጊዜ አንሥቶ እስከዚያ ጥናት ድረስ አሥር ዓመት ያህል አልፏል። በአንድ ቀን ጉብኝት፣ በአንድ ቀን ፎቶግራፍ ልማድ አይለወጥም። አሥር ዓመት መቆየት የማይችል ሰው እንኳ፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ለአንድ ዓመት ሳያቋርጥ ቢሰጥ፣ ለአንድ ሳምንት ሌት ተቀን ሠርቶ ከሚጠፋው ይልቅ ይታመናል።

እንግዲህ በሚመጣው ክረምት በሰፈራችሁ ለበጎ ሥራ ስትሰበሰቡ፣ ካናቴራውን ከማሳተማችሁና መፈክሩን ከመጻፋችሁ አስቀድማችሁ ሁለት ሦስት ቀን ስጡና በየቤቱ ዙሩ። እናቶችን፣ ሽማግሌዎችን፣ በተለይም ማንም የማይጠይቃቸውን ትንንሽ ልጃገረዶች ጠይቁ። የሚነግሯችሁን በደብተራችሁ ጻፉ። ከተጻፈው ውስጥ አንዱን ብቻ መርጣችሁ እስኪያልቅ ድረስ ሥሩት።