ባጄሪጋር፦ የመንጋው ወፍ በሰው ቤት

ከበቀቀን ዝርያዎች ሁሉ በሰው ቤት በብዛት የሚገኘው ትንሹ ባጄሪጋር ነው። ከአናቱ እስከ ጅራቱ ጫፍ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የዱሩ ወፍ ክብደት ከ30 እስከ 40 ግራም ነው። አገሩ የአውስትራሊያ ደረቅ ምድር ሲሆን፣ ዝናብ የጣለበትንና የሣር ፍሬ ያለበትን ስፍራ እየተከተለ በትልልቅ መንጋ ይዞራል። እንግሊዛዊው የአእዋፍ ተመራማሪ ጆን ጉልድ በ1840 እ.ኤ.አ. በሕይወት ወደ እንግሊዝ ይዞት ከገባ በኋላ በአውሮፓ ተለመደ። ዱር ያለው አረንጓዴና ቢጫ ነው፤ ሰማያዊውንና ነጩን ያበዙት አርቢዎች ናቸው።

እኔን ግን ከቀለሙ ይልቅ የሚማርከኝ ጠባዩ ነው። አብረው የሚኖሩ ባጄሪጋሮች ጥሪያቸውን ቀስ በቀስ ያመሳስላሉ፤ የመንጋው አባል መሆን ማለት የመንጋውን ድምፅ ማውጣት ነው። ሰው ቤት ሲገባ መንጋው ቤተሰቡ ይሆናል፤ ስለዚህ የቤተሰቡን ንግግር ይቀዳል። ከንፈር የለውም፤ ድምፁ የሚወጣው የአየር ቧንቧው ወደ ሳንባ ከሚከፈልበት ስፍራ ነው። በካሊፎርኒያ የነበረው ፐክ የተባለ ባጄሪጋር 1,728 ቃላት በማወቁ በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል። በንግግር ወንዱ ይበልጣል፤ ሲጎለምስ ከምንቃሩ በላይ ያለው ልስልስ ቆዳ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ በመሆኑ ይለያል።

ይኸው ጠባይ ኃላፊነትም ያመጣል። ቀኑን ሙሉ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚውል ባጄሪጋር ይጎዳልና፣ ጊዜ የሌለው ሰው ሁለት ቢያሳድግ ይሻላል። ከዘር ምግቡ ጋር አረንጓዴ ቅጠል ይስጡት፤ አቮካዶ ግን መርዙ ነው። የማያጣብቅ መጥበሻ ከልክ በላይ ሲግል የሚያወጣው ጭስም በደቂቃዎች ሊገድለው ይችላል። ሕመሙን ስለሚደብቅ፣ ላባውን ነፍቶ ከጎጆው ወለል ላይ ከተቀመጠ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ያሳዩት።

በእኛም ደጋ የጥድ ፍሬ የሚለቅም፣ ክንፉ ጥቁር፣ የወንዱ ግንባር ቀይ የሆነ ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን አለ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በተፈጥሮ የሚኖርበት አገር የለም። ወፍ ማሳደግ የሚፈልግ ሰው በአርቢ ዘንድ የተፈለፈለ ባጄሪጋር ይግዛ፤ የደጋውን በቀቀን ግን በዛፉ ላይ እንዳለ እንተወው።